ምዕራፍ ሰባት፦ ውሃው ከሄደ በኋላ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2005 የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ከኒው ኦርሊንስ ከተማ የጎርፉን ውሃ መጥጠው መጨረሳቸውን አስታወቁ። ካትሪና የተሰኘው አውሎ ነፋስ ከተማዋን የመታው ኦገስት 29 ቀን ነበር። ከሐይቁና ከቦዮቹ የሚጠብቋት ግንቦች በየቦታው ሲደረመሱ ከከተማዋ 80 በመቶው ተጥለቀለቀ። ከሳምንታት በኋላ ሪታ የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ መጣና ውሃው የጎደለላቸውን አንዳንድ ሰፈሮች እንደገና አጥለቀለቃቸው። ፓምፖቹ ስድስት ሳምንት ያህል ሲያጓሩ ከረሙ።

በእነዚያ ሳምንታት አብዛኛው ነዋሪ ከተማው ውስጥ አልነበረም። በሂውስተን፣ በአትላንታ፣ በባተን ሩዥ፣ በዘመድ ቤትና በመጠለያ ተበትኖ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቅ ነበር። ሎወር ናይንዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ክፉኛ የተጎዳው ክፍል ነዋሪዎች ቤታቸውን አይተው እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው ዲሴምበር ከገባ በኋላ ነው። ሲደርሱ በሩ አብጦ አልከፈት ይላል። ተገፍቶ ሲከፈት ቀድሞ የሚወጣው ሽታው ነው። ሶፋው ተንሳፍፎ ሌላ ክፍል ገብቷል፣ ማቀዝቀዣው በጀርባው ተጋድሟል፣ ግድግዳው ላይ ውሃው ቆሞ የነበረበት ቡናማ መስመር ዙሪያውን ተሰምሯል። ብዙዎችን ያስደነገጠው ግን ከመስመሩ በላይ ያለው ነው። ጎርፉ ፈጽሞ ያልደረሰበት የግድግዳው ራስና ኮርኒሱ በጥቁር፣ በአረንጓዴና በግራጫ ክብ ክብ ነጠብጣብ ተሸፍኗል። በዚያው ኦክቶበር መጨረሻ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ባለሙያዎች በከተማዋና በአካባቢዋ 112 ቤቶችን ዞረው መረመሩ። በ46 በመቶዎቹ ውስጥ በዓይን የሚታይ ሻጋታ አገኙ፤ በ17 በመቶዎቹ ውስጥ ደግሞ እጅግ ተንሰራፍቶ ነበር።

ውሃ ያልነካው ኮርኒስ ለምን ሻገተ? የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ መልስ ይጀምራል።

ጎርፉ ሻጋታን ይዞ አልመጣም። ስፖር የሚባለው የሻጋታ ብናኝ ዘር በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሁልጊዜ አለ። አብዛኛው ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ አይበልጥምና አናየውም፤ መስኮት ዘግተን ልናስቀረው፣ ጠርገን ልንጨርሰው አንችልም። ለመብቀል የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ምግብ፣ ለብ ያለ አየርና ውሃ። ምግቡ ቤታችን ራሱ ነው፤ እንጨቱ፣ ካርቶኑ፣ ጨርቁ፣ ሙጫው፣ ቀለም ላይ ያረፈው አቧራ ሳይቀር። ለእኛ የሚስማማን ሙቀት ለእርሱም ይስማማዋል። እንግዲህ በእጃችን ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው። ውሃውን መንሳት እንችላለን። የራሰ ዕቃ ሳይደርቅ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከቆየ ሻጋታው መብቀል ይጀምራል። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ደግሞ የተዘጋው ቤት በበጋ ሙቀት ለሳምንታት ታጥኗል፤ ከወለሉ የተነሣው ተን ወደ ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን አረሰረሰው። ኮርኒሱን ያሻገተው ይህ ተን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር ይገባል። ሻጋታው የሚቆጥረው ዕቃው ከራሰበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የባለሥልጣን ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ምርመራ፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ገንዘብ የራሳቸውን ጊዜ ይወስዳሉ። በሁለተኛው ቀን ደርሶ መስኮቱን መክፈት የቻለና በሦስተኛው ወር የደረሰ ሰው ያጋጠማቸው ጎርፍ አንድ ቢሆንም የጠበቃቸው ቤት አንድ አልነበረም። አደጋ ሁሉንም እኩል ይመታል የሚለውን አነጋገር አልቀበለውም። ድሃው ዘግይቶ እንዲመለስ ስለሚገደድ ቤቱን ሁለት ጊዜ ያጣል።

የሻጋታን ጠባይ ለማወቅ መሶባችንን ማስታወስ ይበቃል። እንጀራ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጠብጣብ ስናይ እሷን ቆርሰን ብንጥል የቀረው ንጹሕ ይመስለናል፤ ነገር ግን ያየነው ሻጋታው አድጎ ዘር ያፈራበትን ቦታ ብቻ ነው። ሥር የመሰሉት ቀጫጭን ክሮቹ በእንጀራው ዓይኖች ውስጥ ለውስጥ ከዚያ አልፈው ሄደዋል። ግድግዳም ላይ የሚታየው ይኸው ፍሬው ነው። ስለዚህ ገጹን መወልወል ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚወስነው ግድግዳው የተሠራበት ነገር ነው። ሴራሚክ፣ ብረት፣ ብርጭቆና ጠንካራ ፕላስቲክ ክሩን አያስገቡም፤ በሳሙናና በውሃ ታጥበው ይድናሉ። የስፖንጅ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ቺፑድ፣ ካርቶንና የኮርኒስ ጨርቅ ግን ውስጣቸው ድረስ ይጠጣሉ። በቆሻሻ ጎርፍ የተነከረ ስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ ሻጋታ ባይታይበትም መጣል አለበት፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሁሉ ገልብጦ የመጣ ውሃ ነው የጠጣው።

በኒው ኦርሊንስ ይህን ልዩነት ሰፈር በሰፈር ማየት ይቻል ነበር። አሮጌዎቹ የእንጨት ቤቶች ከመሬት ከፍ ባሉ አጫጭር ምሰሶዎች ላይ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ የተሠሩት በቀላሉ ከማይበሰብሰው የሳይፕረስ እንጨት ነው፤ የውስጥ ግድግዳቸውም በእንጨት ርብራብ ላይ በተለጠፈ የኖራ ልስን የተሸፈነ ነው። ነፋስ ከሥራቸው ያልፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በደረቀ ረግረግ ላይ በተሠሩት እንደ ሌክቪው ባሉ ሰፈሮች ግን ቤቱ መሬት ላይ በተነጠፈ ኮንክሪት ላይ ያረፈ፣ ውስጡም በጂፕሰም ቦርድ የተከፋፈለ ነበር። ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወረቀቶች መካከል የተጋገረ የጂፕሰም ዱቄት ነው። ወረቀቱ ለሻጋታ ጥሩ ምግብ ነው። ጂፕሰሙ ደግሞ ውሃን ወደ ላይ ይስባል፤ እግሩ ብቻ የራሰ ግድግዳ በቀናት ውስጥ ከመስመሩ በላይ ይርሳል። ከኋላው ለሙቀት መከላከያ የተጎዘጎዘው የመስታወት ጭረት ከራሰ ውሃውን ይዞ አይለቅም። ከፊት ሲያዩት የደረቀ የሚመስለው ግድግዳ ከጀርባው ለወራት እርጥብ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ማፍረስ ነበር። ከየአገሩ የመጡ በጎ ፈቃደኞች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ቦቲ ጫማና ጓንት አድርገው የሰውን ቤት እስከ እንጨት አጽሙ ድረስ ገፈፉት። ቦርዱ፣ ምንጣፉ፣ ቁም ሣጥኑ፣ የሠርግ ፎቶ አልበሙ ሁሉ በየደጁ ተከመረ። የምግብ ማቀዝቀዣው በውስጡ የበሰበሰውን እንዳያፈስ በፕላስተር ተጠቅልሎ መንገድ ዳር ተሰለፈ። ጂፕሰም ቦርድ ዛሬ በአዲስ አበባ ቢሮዎችና አፓርታማዎች ውስጥ በብዛት ስለገባ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ታች ያለው ክፍል ከረሰረሰ፣ ከውሃው መስመር ቢያንስ ሁለትና ሦስት ስንዝር ከፍ ብሎ ቦርዱን ቆርጦ ማውጣትና ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል። ባለቤቱ ቢያዝንም ለማዘን ጊዜ ያለው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለታመመ ቤት የሚደነግገውን ያነበበ ሰው በሥርዓቱ ይደነቃል። ባለቤቱ ለካህኑ ይነግራል፤ ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ ይወጣል፤ በግንቡ ውስጥ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሆነ ጎድጓዳ ምልክት ከታየ ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል። ካህኑ ተመልሶ ሲያይ ከሰፋ፣ የተበከሉት ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ውስጡ ዙሪያውን ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይጠገናል። ደግሞ ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። መመርመር፣ ዕቃን መለየት፣ የታመመውን ቆርጦ ማውጣት፣ መጠበቅ፣ እንደገና ማየት፦ በኒው ኦርሊንስ የተሠራውም ቅደም ተከተሉ ይህንኑ ይመስላል። በሕጉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ተመልሶ መምጣቱ ነው። የዛሬ ጥገና ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ሁለተኛ ጉብኝት ነው።

ስለ ጤና ሲነሣ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሰማል፤ አንዱ ንቀት፣ ሌላው ድንጋጤ። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ክሊቭላንድ በተባለችው የአሜሪካ ከተማ ጨቅላ ሕፃናት በሳንባቸው ደም እየፈሰሰ ታመሙ፤ ምክንያቱ ስታኪቦትሪስ የተባለው ጥቁር ሻጋታ ነው ተባለ። ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናቱን እንደገና መርምሮ ማስረጃው ለዚያ ድምዳሜ እንደማይበቃ ገለጸ። ወሬው ግን ቀድሞ ዓለምን አዳርሶ ነበር፤ እስከ ዛሬም ሰው ሻጋታው ጥቁር ከሆነ ይሸበራል፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ይዘናጋል። በቀለሙ ጉዳቱን ማወቅ አይቻልም። በሌላ በኩል የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2004፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 ማስረጃውን አሰባስበው ሲመዝኑ፣ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳል፣ ከደረት ሲርሲርታ፣ ከአፍንጫና ጉሮሮ መቆጣት፣ ከአስም መባባስ ጋር በእርግጥ እንደሚያያዝ አረጋግጠዋል። ስለዚህ የአስም ሕመምተኛ፣ ሕፃን ልጅ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሲጸዳ እዚያ መገኘት የለበትም። የሚያጸዳውም ሰው ኤን 95 የተባለውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና የዓይን መነጽር ያድርግ። በነጠላ ጫፍ አፍንጫን መሸፈን ብናኙን አያስቀርም።

አሁን ወደ በረኪናው። በብዙ ቤት ሻጋታ ሲታይ ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ነው፤ ነጠብጣቡ ሲነጣም ሥራው ያለቀ ይመስላል። በረኪና ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ላይ ይሠራል፤ መጠኑም ለአራት ሊትር ያህል ውሃ ከሩብ ሊትር መብለጥ የለበትም። እንጨትና ልስን ላይ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ሲሰርግ ኃይሉ ላይ ይቀራል፤ ቀለሙን አንጥቶ ክሩን ውስጥ ይተወዋል፣ በላዩም ተጨማሪ ውሃ አጠጥቶት ይሄዳል። የሞተ ሻጋታ ደግሞ አለርጂ የሚያስነሣውን ነገር ይዞ ስለሚቆይ ተፍቆና ታጥቦ መውጣት አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፦ በረኪናን ከአሞኒያ ጋር፣ ወይም ለሽንት ቤት ከሚደፋው አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የሚነሣው መርዛማ ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ይህን በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን እጽፋለሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ዝናብ ሲጥል፣ በአል ዓይን አካባቢ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊሜትር ወርዷል። እንዲህ ያለ ጎርፍ በገባበት ቤት ጽዳቱ በቤት ሠራተኛዋ እጅ ላይ ይወድቃል። መስኮት ይከፈትልኝ፣ መሸፈኛ ይሰጠኝ ማለት መብቷ ነው፤ ቀጣሪም ሊነፍጋት አይገባም።

ከሁሉ የከፋው ቀለም ነው። የረጠበ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ሻጋታውን ከዓይን ሰውሮ ውሃውን ውስጥ ይቆልፈዋል። ቤት አከራይ ተከራይ ከመግባቱ በፊት ቀብቶ ያስረክባል፤ ክረምት ሲመጣ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ልጆቹ ማሳል ይጀምራሉ። ይህ በሰው ጤና ላይ የሚሠራ ማታለል ነውና ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ማድረቅ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚንቀሳቀስ አየር፣ ሙቀት፣ ተኑ የሚወጣበት መንገድ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክፍሉን ዘግቶ ማሞቅ ውሃውን ከወለሉ አንሥቶ ኮርኒሱ ላይ ማሳረፍ ነው። ሰው በጭንቅ ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ የረጠበ ክፍል ውስጥ ያስገባል። ይህ ቤተሰብን በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ስሕተት ነው፤ ሽታም ቀለምም የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ አያነቃም። ጀነሬተርም በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር ከተነሣ ያንኑ ያደርጋል። ላምባና ቡታጋዝ ደግሞ ሲነዱ ራሳቸው ውሃ ያመነጫሉ፤ አንድ ሊትር ላምባ ነድዶ ሲያልቅ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በተን መልክ ወደ አየሩ ይለቃል። ስለዚህ ቆጣሪው ተዘግቶ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካየው በኋላ የአየር ማራገቢያ፣ ከተገኘም እርጥበት መጣጭ ማሽን ይሻላል። ማሽን በሌለበት የቀኑን ሰዓት መምረጥ ነው። የውጭው አየር ደረቅና ፀሐያማ ሲሆን በርና መስኮትን ፊት ለፊት ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ፤ ጉሙና ዝናቡ ሲመለስ መዝጋት።

መቼ ደረቀ ይባላል? ለእንጨት መለኪያ ያላቸው ባለሙያዎች የእርጥበት መጠኑ ወደ 15 በመቶ ሳይወርድ ግድግዳውን መልሰው አይዘጉም። መለኪያ የሌለው ሰው ግልጽ ላስቲክ በክንድ ያህል ቆርጦ ግድግዳው ወይም ወለሉ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽገውና እስከ ማግሥቱ ይተወው። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ላብ ከያዘ ወይም ሥሩ ያለው ቦታ ከጠቆረ ገና ነው። ግንብ ከሚታሰበው በላይ ይዘገያል፤ እንግሊዞች በልምድ ለ25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ወር ይገምታሉ። ሲደርቅ ላዩ ላይ ነጭ ብናኝ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ከሟሟ ከግንቡ የወጣ ጨው ነው እንጂ ሻጋታ አይደለም።

የእኛ አገር ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናብ ደቻቱ የተባለውን ወንዝ ሞልቶ በሌሊት ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 10,000 የሚጠጉ ተፈናቀሉ። በድሬዳዋ ደረቅና ሞቃት አየር የቀረው ቤት በቶሎ ይደርቃል፤ በክረምት አዲስ አበባ የረጠበ ግን ወራት ይፈጃል። ጭቃ ቤት ሲርስ የመጀመሪያው አደጋ ሻጋታ አይደለም፤ መደርመስ ነው። የራሰ ጭቃ ጉልበቱን ስለሚያጣ ውሃው ሄዶ ሰው ተመልሶ ከገባ በኋላ ሊወድቅ ይችላልና ጣሪያው ድጋፍ ሳይደረግለት ውስጥ ማደር አይገባም። ሁለተኛው ነገር የሲሚንቶ ልስኑ ነው። ምርጉ ጭቃና ጭድ በመሆኑ ያስተነፍሳል፤ የጠጣውን ውሃ ቀስ በቀስ ይመልሳል። ላዩ በሲሚንቶ ከተለሰነ ግን መውጫው ተዘግቶበት ውሃው ወደ ቋሚውና ወደ ማገሩ ይዞራል። ከውጭ ያማረ ግድግዳ ውስጡ የባሕር ዛፉ እግር በስብሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እስከ ረጠበበት ከፍታ ድረስ ልስኑን አራግፎ ምርጉን ለአየር ማጋለጥ፣ ቋሚዎቹን ከመሬት በሚገናኙበት ቦታ በቢላዋ ጫፍ መፈተን፣ በቀላሉ የሚገባበትን መለወጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ወዲያ በኖራ ወይም በጭቃ መለሰን ከሲሚንቶ ይሻላል። ኖራ ተን ያሳልፋል፣ ሻጋታም ጠባዩን አይወደውም።

ወረቀት የመጨረሻው አሳሳቢ ነገር ነው፤ ለብዙ ቤተሰብ ግን ከሶፋው ይቀድማል። የይዞታ ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአባት ፎቶግራፍ በውሃ ተነክሮ ሲገኝ ወረቀቱን ከወረቀት ለመለየት መታገል ይቀደዋል። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ጭቃውን ቀስ ብሎ ማስለቀቅ፣ ሁሉንም ወዲያው ማድረቅ ካልተቻለ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ የሰው ማቀዝቀዣም ቢሆን ተለምኖ በረዶ ቤቱ ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል። በረዶ ሻጋታውን ያቆመዋል፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በጎርፍ የተነከሩ መጻሕፍትን የሚያቆዩት እንዲሁ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ጥቂት ጥቂት እያወጡ ማድረቅ ይቻላል። ብራና ግን ሌላ ነው። ቆዳ በመሆኑ እሳት ወይም ፀሐይ ካየ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። የደብሩ መጽሐፍ ከራሰ በጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ በየቅጠሉ መካከል ንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየተለወጠለት ይቆይ፤ የብራና ሊቅም በቶሎ ይጠራለት።